የስፖንጁን ነገር ማን ያንሳልን?

ነቀምቴ ላይ መኪና ይዞ የሚኖር ሰው ይህን ነገር ያውቀዋል። ፖሊሽ ተደርጎ ከላቫጆ የወጣ መኪና ማምሻውን ሲታይ አዲስ ይመስላል፤ ባለቤቱም ደስ ብሎት ከፍሎ፣ አመስግኖ ይወጣል። በማግስቱ ረፋድ ላይ ፀሐይዋ ጠንከር ስትል ግን ኮፈኑና ጣራው ላይ ክብ ክብ እየሠራ የሚዞር ጭረት ብቅ ይላል። ጥቁር መኪና ከሆነማ አይነሣ። ሁለት ሦስት ዝናብ ሲመታው ደግሞ ያ ማብረቅረቅ ታጥቦ ይሄድና ጭረቱ ብቻ ይቀራል። ተመልሶ ሄዶ ለሚጠይቅ ሰው የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፤ «ቀለሙ አርጅቷላ፣ ምን እናድርግ?»

ኧረ ተዉ! ቀለም ሲያረጅ ይደበዝዛል እንጂ ክብ እየሠራ አይጫርም። የሚጭረው በማሽኑና በመኪናው መካከል የሚገባው ዕቃ ነው፤ ስፖንጁና ስፖንጁ የሚለጠፍበት ጎማ ሳህን። ስለ ማሽኑ ሁሉም ያወራል፤ ስንት ዋት ነው፣ የጃፓን ነው የቻይና ነው ይባላል። ስለሚቀባው ፖሊሽም ክርክር አለ። ቀለሙን በቀጥታ ስለሚነካው ስፖንጅ ግን የሚጠይቅ የለም፤ የሚጠይቅ ቢገኝም የሚመልስለት የለም። ከጊምቢ እስከ ስሬ፣ ከአኖ እስከ ባኮ የትም ቢኬድ ያው ነው። እኔ በበኩሌ ሰልችቶኛል፤ የሰለቸው ደግሞ እኔን ብቻ እንዳልሆነ መኪና አቁመው ኮፈናቸውን በእጃቸው እየዳበሱ የሚቆዝሙትን ሰዎች አይቼ አውቃለሁ።

መንገዱ፣ መብራቱ፣ ኑሮው እያለ የስፖንጅ እሮሮ ምንድን ነው የሚል ሰው አይጠፋም። እውነት ነው፣ የባሰ አለ። ነገር ግን ለብዙ ቤተሰብ መኪና ከቤት ቀጥሎ ያለ ትልቁ ሀብት ነው፤ ለብዙ ሹፌር ደግሞ የዕለት እንጀራው ነው። እንደ ልብ የሚቀየር ዕቃም አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከሰባት ዓመት በላይ ባገለገለ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲደረግ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ዋጋው ወደ ላይ ሸሸ። ስለዚህ ያለን ቪትዝ፣ ያለን ኮሮላ፣ ያለን ሃይሉክስ ይኸው ነው። በላዩ ላይ ያለው ቀለምም ያው ፋብሪካ የቀባው ነው፤ ሌላ የለንም።

ያ ቀለም ምን ያህል እንደሆነ ቢታወቅ ኖሮ ሰው ሁሉ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ፋብሪካ የቀባው የመኪና ቀለም ከነሥሩ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ነው። አንድ ማይክሮን የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው። ከዚህ ውስጥ ከላይ ያለው፣ የሚያብረቀርቀውና ቀለሙን ከፀሐይ የሚከላከለው ክሊር ከ40 እስከ 60 ማይክሮን ያህል ነው፤ ከአንድ የራስ ፀጉር ውፍረት አይበልጥም። ፖሊሽ ማድረግ ማለት ደግሞ ይህንኑ ክሊር በጥቂቱ መላጥ ማለት ነው። ብዙ ሰው ፖሊሹ ጭረቱን የሚሞላ ይመስለዋል። አይሞላም። በጭረቱ ዙሪያ ያለው ወለል ዝቅ ይልና ከጭረቱ ሥር እኩል ይሆናል፤ ጭረቱ ጠፋ የምንለው ያኔ ነው። በተደረገ ቁጥር የሆነ ነገር ይቀንሳል። ምን ያህል እንደሚቀንስ የሚወስነው በአመዛኙ ስፖንጁ ነው።

ወለጋ ደግሞ ለቀለም የሚራራ አገር አይደለም። ከአዲስ አበባ በአምቦ፣ በጌዶ፣ በባኮ፣ በአኖና በስሬ አድርጎ ነቀምቴ የሚገባው መንገድ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ሲባል ወዲያው ቀዩ አፈር ይቀበላል። ያን አፈር ቀይ ያደረገው በውስጡ ያለው የብረት ዝገት ነው። በበጋ ዱቄት ሆኖ በበሩ ስንጥቅ ሁሉ ይገባል፤ ክረምት ሲገባ ጭቃ ሆኖ ይለጠፋል፤ ሲደርቅ ይነክሳል። በእጅ ሲዳበስ የላመ ይምሰል እንጂ በውስጡ ደቃቅ አሸዋ አለበት። እንዲህ ያለ አገር ላይ ፖሊሽ የሚያደርግ ሰው ከሌላው ሁሉ ይልቅ ስለሚይዘው ስፖንጅ መጨነቅ ነበረበት።

አሁን ሱቅ እንግባ። የማሽኑ ሳህን አልቆ ሌላ ለመግዛት የሄደ ሰው ምን ያጋጥመዋል? ግድግዳው ላይ ሳህኖች ተንጠልጥለዋል፤ ትልቅም ትንሽም አለ። «ስንት ቁጥር ነው ጥርሱ?» ብሎ ይጠይቃል። «ለሁሉም ይሆናል ጋሼ፣ ይውሰዱት» ይባላል። ለሁሉም የሚሆን ሳህን በዓለም ላይ የለም። በአውሮፓና በቻይና የሚሠሩት አብዛኞቹ የሚሽከረከሩ የፖሊሽ ማሽኖች ሳህኑ የሚጠብቅበት ጥርሳቸው ኤም 14 ነው፤ ማለትም ውፍረቱ 14 ሚሊ ሜትር ነው። የአሜሪካዎቹ አምስት ስምንተኛ ኢንች ናቸው፤ ያ ወደ 16 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። ትንንሾቹ ባለ 100 ሚሊ ሜትር ግራይንደሮች ላይ ደግሞ ኤም 10 ይገኛል። የኤም 14 ሳህን የአሜሪካ ማሽን ላይ ከነጭራሹ አይገባም፤ ይህ ጥሩ ነው፣ ቢያንስ ሰውየው ይመለሳል። የሚያስቸግረው ተቃራኒው ነው። የአሜሪካው ሳህን ኤም 14 ማሽን ላይ ይገባል፣ ግን ይላላል።

ሲላላ ምን እንደሚደረግ በዓይኔ አይቻለሁ። አንድ ላቫጆ ውስጥ ልጁ ከፌስታል ቀጭን ቁራጭ ቀደደ፤ በማሽኑ ጥርስ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ አዙሮ ጠመጠመው፤ ከዚያ ሳህኑን በላዩ ላይ በጉልበት አጠበቀው። ማሽኑን ሲያስነሣው ሳህኑ መሀሉን ስቶ ስለሚዞር ማሽኑ በእጁ ውስጥ ይዘላል። ስፖንጁ ኮፈኑ ላይ ሲያርፍ እኩል አያርፍም፤ በአንድ ጎኑ ይመታል፣ ይነሣል፣ እንደገና ይመታል። በበሩ ላይ እንደ ማዕበል የሚታየው ጥቁርና ነጭ መስመር የሚመጣው እንዲህ ነው። ልጁ በሥራው አልሰነፈም፤ ላቡ እየተንጠባጠበ ነበር የሚሠራው። ጥፋቱ ከሱቁ ነበር የጀመረው።

ከዚህ የከፋ አለ። ኤም 14 የተለመደው የግራይንደርም ጥርስ ነው። ስለዚህ ፖሊሽ ማሽን የሌለው ሰው ብረት የሚቆርጥበትን ግራይንደር አንሥቶ ዲስኩን ይፈታና የፖሊሹን ሳህን ይገጥምበታል። ልክክ ብሎ ይገባል። ስለገባለትም ትክክል ይመስለዋል። የፖሊሽ ማሽን የሚሠራው በደቂቃ ከ600 እስከ 3,000 ዙር ባለው ፍጥነት ነው፤ ግራይንደሩ ግን በደቂቃ 11,000 ዙር ያህል ይዞራል። ይህ ቁጥር ብቻውን ላይገባን ይችላል፣ ስለዚህ እናስላው። ስፋቱ 150 ሚሊ ሜትር የሆነ ስፖንጅ በ1,500 ዙር ሲሄድ ጠርዙ በሰዓት 42 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጣል። በ11,000 ዙር ሲሄድ ግን በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር ያልፋል። በዚህ ፍጥነት ክሊሩን ለማቃጠል ጥቂት ሰከንድ ይበቃል። ፓራውልት ላይ ሲሆንማ ይብሳል፤ ፕላስቲክ እንደ ብረት ሙቀቱን ወደ ጎን ስለማያሻግር ቀለሙ እዚያው ይበስላል። ደህና ሳህን ከጀርባው ላይ ሊሸከም የሚችለው የመጨረሻ ዙር ተጽፎበት ይመጣል። ከዚያ በላይ ሲዞር ሊበታተን ይችላል፤ ሲበታተን የሚያገኘው ደግሞ ማሽኑን የያዘውን ልጅ ፊት ነው። ስለ ቀለም ብቻ ብሎ ዝም የሚል ሰው ቢያንስ ስለ ልጁ ዓይን ሊናገር ይገባል።

የስፋቱም ጉዳይ አለ። ስፖንጁ ከሳህኑ ሰፋ ማለት አለበት፤ ለ125 ሚሊ ሜትር ሳህን 140 ወይም 150 ሚሊ ሜትር ስፖንጅ ይሆናል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ማሽኑ ትንሽ ሲያዘነብል መኪናውን መንካት ያለበት ስፖንጁ እንጂ የሳህኑ ጠርዝ አይደለም። እኛ ጋ ግን ሳህኑ የተገዛው ለብቻው፣ ስፖንጁ የተገዛው ለብቻው ነው፤ አንዱ የመጣው ካቻምና፣ ሌላው ዘንድሮ። 180 ሚሊ ሜትር ሳህን ላይ 150 ሚሊ ሜትር ስፖንጅ ለጥፎ የሚሠራ ሰው ማግኘት አይከብድም። የሳህኑ ፊት በሙሉ ቬልክሮ ነው፤ ጥቃቅን የፕላስቲክ መንጠቆ ነው። ያ መንጠቆ ከስፖንጁ ውጭ ተርፎ ወጥቶ በሩን ሲነካው የሚተወውን ጭረት ሌላ ፖሊሽ አያወጣውም።

ወደ ስፖንጁ ቀለም ስንመጣ ደግሞ እኔ በእውነት ትዕግሥቴ ያልቃል። ሰው ሁሉ ቢጫው እንዲህ ነው፣ ሰማያዊው እንዲያ ነው ብሎ በቀለም ያወራል። የስፖንጅ ቀለም በዓለም ላይ አንድ ወጥ ሕግ የለውም። የጣሊያኑ ኩባንያ ሩፐስ ሰማያዊውን ሸካራ አድርጎታል፤ የአሜሪካው ስሪ ኤም ደግሞ ሰማያዊውን ከሁሉ ለስላሳ፣ ለመጨረሻው ማጥሪያ አድርጎታል። በሩፐስ ቢጫው ለስላሳ ነው፤ ሌክ ካንትሪ በሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ ቢጫው ጠንካራና የሚልጥ ነው። አንዱን የለመደ ሰው ሌላውን በቀለሙ አምኖ ቢያነሣ የሚፈልገውን ትቶ ተቃራኒውን ነው የሚሠራው። እኛ ዘንድ የሚደርሰው ደግሞ የሁሉንም ቀለም ቀላቅሎ በአንድ ፌስታል የታሸገ ስም የለሽ ዕቃ ነው። በላዩ ላይ ምንም አልተጻፈም። አስመጪው አያውቅም፣ ቸርቻሪው አያውቅም፣ ላቫጆው አያውቅም፤ በመጨረሻ የሚያውቀው ኮፈኑ ብቻ ነው።

ከቀለሙ ይልቅ እጅ ይሻላል። ስፖንጁን በአውራ ጣት ጫን ማድረግ ነው። ጠንከር ብሎ የሚመለስ ከሆነ የሚልጥ ነው፤ ገባ ብሎ ቀስ እያለ የሚመለስ ከሆነ የሚያለሰልስ ነው። የበግ ሱፉ ከሁለቱም በላይ ይልጣል፤ በብርጭቆ ወረቀት የተፈተገ አዲስ ቀለም ላይ ባትላሜራ ቤት ጥሩ ይሠራል፣ ለተራ መኪና ግን ሁልጊዜ ከእርሱ መጀመር በደል ነው። ደንቡ ከለስላሳው ጀምሮ፣ የእጅ መዳፍ በምታህል ቦታ ላይ ሞክሮ፣ ካልበቃ ብቻ ወደ ጠንካራው መሄድ ነው። እኛ ግን ከመጨረሻው እንጀምራለን። «ቶሎ ይወጣል» ነው ምክንያቱ። ቶሎ የሚወጣው ክሊሩ ነው።

ገመድ ስላለው የሱፍ ቆብ ሳልናገር ባልፍ ደስ ባለኝ፤ ግን አልችልም። ርካሽ ስለሆነ በየሱቁ ሞልቷል። ሳህኑ ላይ ይደፋና በዙሪያው ባለው ገመድ ይታሰራል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ ማሽኑ ፍጥነት ሲይዝ ገመዱ ይላላል፤ የገመዱ ጫፍ ይወጣና በሩን እየገረፈ ይዞራል። ቆቡ ራሱ ሳህኑ ላይ ይንሸራተታል፤ መሀሉን ይስታል፤ ከሥሩ ያለው ጎማ እስኪግል ድረስ ይፋተጋል። ይህን ዕቃ ማንም ለማንም መሸጥ የለበትም ብዬ አምናለሁ።

ሙቀቱም ነገር ነው። በሚሽከረከር ማሽን ሥር ስፖንጁ መሀል ላይ ይግላል፤ ለዚያ ነው ደህና ስፖንጅና ደህና ሳህን መሀላቸው ላይ ቀዳዳ ኖሮ አየር እንዲያስገባ የሚደረገው። ሲጫኑት ይበልጥ ይግላል። የነቀምቴ መብራት ደግሞ ሲደክም ማሽኑ አብሮ ይደክማል፤ ልጁም ሥራው እንዲያልቅለት ክንዱን ጥሎ ይጫነዋል። ያኔ የሳህኑ ቬልክሮ መሀሉ ላይ ይቀልጣል፤ መንጠቆዎቹ ይተኛሉ፤ ስፖንጁ አይይዝም። ቀጥሎ የሚመጣው ማጣበቂያ ነው። በማጣበቂያ የተለጠፈ ስፖንጅ ጠማማ ይለጠፋል፤ ደግሞም ለማጠብ አይነሣም፣ ለመቀየርም አይነሣም፤ እስኪበጣጠስ ድረስ አንዱ ስፖንጅ ያገለግላል። እንዲህ ካልሆነ ደግሞ ስፖንጁ በሥራ መሀል ተላቆ ይበርና ባዶው ሳህን በሩ ላይ ያርፋል።

ስለ ማጠብ ካነሣን አይቀር፣ ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ ይኸኛው ነው፤ ምክንያቱም ገንዘብ አይጠይቅም። ጠዋት የጭነት መኪናውን ጋቢና የፈተገው ስፖንጅ ከሰዓት በኋላ ቪትዙ ላይ ይወጣል። መሀል ላይ ወለሉ ላይ ወድቋል፤ ያ ቀይ አፈር ያለበት ወለል ላይ። ተነሣ፣ በሱሪ ላይ ተመታ፣ ተመልሶ ተለጠፈ። የደረቀው ፖሊሽ ቀዳዳዎቹ ውስጥ እንደ ቅርፊት ሆኗል። ሸካራው ፖሊሽና ደቃቁ ፖሊሽ በአንዱ ስፖንጅ ላይ ተቀላቅለዋል። አንድ አሸዋ ስፖንጅ ውስጥ ከገባ እስኪወጣ ድረስ በእያንዳንዱ ዙር አንድ ክብ ይስላል፤ በደቂቃ 1,500 ዙር ማለት በደቂቃ 1,500 ክብ ማለት ነው። ፀሐይ ላይ የምናየው ጭረት ይህ ነው። ምድር ላይ የወደቀ ስፖንጅ ሳይታጠብ መኪና ላይ መመለስ የለበትም። ለእያንዳንዱ ዓይነት ፖሊሽ የራሱ ስፖንጅ ይኑረው፤ በየፓነሉ መሀል በብሩሽ ወይም በኮምፕረሰር አየር ይራገፍ፤ ማታ በሳሙና ታጥቦ ይሰጣ። ክረምት ላይ ቶሎ ስለማይደርቅ ተለዋጭ ያስፈልጋል። ላቫጆ ውስጥ ጎማ የሚነፋበት ኮምፕረሰር እዚያው ቆሞ እያለ ስፖንጁ የማይራገፍበት ምክንያት ምንድን ነው?

«ታዲያ ደህናውን ዕቃ ከየት እናምጣው?» ይላሉ ላቫጆዎቹ። እዚህ ላይ እውነት አላቸው። ነቀምቴ ያለው ሱቅ የሚያመጣው አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ያገኘውን ነው፤ ሶማሌ ተራ ያለው ደግሞ በኮንቴይነር የደረሰለትን። ጊምቢና ደምቢ ዶሎ የሚደርሰው ከነቀምቴ የተረፈው ነው። አኖ ላይ ሁኖ አንድ ሳህን የሚፈልግ ሰው ወይ ወደ ባኮ ወይ ወደ ነቀምቴ ይሄዳል፤ እዚያም ሲደርስ «ለሁሉም ይሆናል» የሚለው ይጠብቀዋል። ባለፉት ዓመታት መንገዱ በጸጥታው ምክንያት በተዘጋ ጊዜ ደግሞ ያም አልነበረም፤ ያለውን ስፖንጅ በመርፌና በክር እየሰፉ የሠሩ ልጆች አሉ። እነርሱን አልወቅስም።

አዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው ማስላክም መፍትሔ አልሆነም። የሚላከው ሰው «የፖሊሽ ስፖንጅ» ብሎ ይጠይቃል፣ የተሰጠውን ይዞ ይመጣል፤ ሳህኑን ሳይለካ የተገዛ ስፖንጅ ለማን ይሆናል? ሚኒሶታ ያለው ዘመዳችን ደግሞ በደግነቱ ማሽኑን ከነሳህኑ፣ ከነስፖንጁ በሻንጣ ይልካል። ዕቃው ጥሩ ነው። ነገር ግን የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220 ነው፤ ማሽኑ ያለ ትራንስፎርመር ከተሰካ በዚያችው ቅጽበት ይቃጠላል። ማሽኑ ሲቃጠል ሳህኑን እናትርፈው ይባላል፤ ሳህኑ የአሜሪካ ጥርስ ነው፣ እዚህ ያለው ማሽን ኤም 14 ነው። ከዚያ ወደ ፌስታሉ እንመለሳለን። ውጭ ያላችሁ ወገኖቻችን፣ ከመላካችሁ በፊት ደውላችሁ የማሽኑን ቮልትና የጥርሱን ቁጥር ጠይቁ፤ ስፖንጁን ብቻ ብትልኩልን ከሁሉም ይበልጣል፤ ስፖንጅ ቮልት የለውም።

ለላቫጆ ሥራ የቱ ማሽን ይሻላል ብሎ ለሚጠይቅ የእኔ መልስ ግልጽ ነው። እየዞረ በዚያው የሚወዛወዘው ዓይነት ይሻላል። በአንድ ቦታ ላይ ስለማይፈትግ ሙቀቱ ይበተናል፤ ጀማሪ እጅ ላይ ቢወድቅ እንኳ ክሊሩን በቀላሉ አያቃጥልም። ቀስ ይላል፣ እውነት ነው፤ አንድ መኪና ላይ ረዘም ያለ ሰዓት ይወስዳል። ግን ይህን ማሽን የገዛ ሰው የሚያስቸግረውን አንድ ነገር አስቀድሞ ይወቅ። በዚህ ማሽን ውስጥ ሚዛን የሚጠብቅ ክብደት አለ፤ የተሠራውም ለተወሰነ ሳህን ክብደት ነው። ከራሱ ሳህን የከበደ ወይም የሰፋ ሳህን ሲገጠምበት ሚዛኑን ስቶ እጅ እስኪደነዝዝ ይንቀጠቀጣል፤ ውስጡም ቶሎ ይበላል። አብዛኞቹ ጥርሳቸው እንደ ግራይንደሩ አይደለም፤ ሳህኑን በመሀሉ በቀጭን ብሎን የሚይዙ ናቸው። ስለዚህ ማሽኑ ሲገዛ አንድ ተጨማሪ ሳህን ከዚያው ከፋብሪካው አብሮ መግዛት ነው፤ በኋላ አይገኝም።

የልጆቹን ነገር ደጋግሜ ያነሣሁት በምክንያት ነው። ላቫጆ ውስጥ የሚሠሩት አብዛኞቹ ወጣቶች ናቸው፤ ከሥራው የሚያገኙት ትንሽ ነው፤ ማሽኑን የያዙት ሌላ ልጅ ሲይዝ አይተው ነው፤ ያም ልጅ ሌላውን አይቶ ነው። «ይህ ስፖንጅ ለምን እንዲህ ሆነ?» ብሎ የሚያስተምራቸው አላገኙም። ባለቤቱ የሚጠይቃቸው ስንት መኪና እንዳወጡ ነው። ደንበኛው የሚጠይቃቸው መቼ እንደሚያልቅ ነው። ቴክኒክና ሙያ ተቋማት ባትላሜራና ቀለም ቅብ በሚያስተምሩበት ሰዓት ላይ አንድ ከሰዓት ለስፖንጅና ለሳህን ቢሰጡ ስንት መኪና ይተርፍ ነበር! የአውራ ጣት ፈተናውን፣ የሳህኑን ልክ፣ የጥርሱን ቁጥር፣ የማጠቡን ነገር ለማሳየት ከአንድ ከሰዓት በላይ አይፈጅም።

ሱቅ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ እናንተን የምለምነው ትንሽ ነገር ነው። በእያንዳንዱ ሳህን ላይ ወረቀት ለጥፋችሁ ሦስት ነገር ጻፉበት፤ የጥርሱን ቁጥር፣ የስፋቱን ሚሊ ሜትርና የሚችለውን የመጨረሻ ዙር። በማስመሪያ ይለካል፤ ዙሩም ከጀርባው ላይ ተጽፏል። በጀርባው ላይ ምንም ያልተጻፈበትን ሳህን አትግዙ፤ እናንተ ካልገዛችሁት አስመጪውም አያመጣውም። ገመድ ያለውን ቆብ ከግድግዳው ላይ አውርዱት። ስፖንጁን «ጠንካራ»፣ «መካከለኛ»፣ «ለስላሳ» ብላችሁ ለዩት፤ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ጻፉት፤ ገዢው በሁለቱም ይጠይቃችኋልና።

ባለ መኪኖችም ቁልፉን ሰጥተን ቡና ልንጠጣ ከመሄዳችን በፊት ስፖንጁን እንይ። «እስቲ አሳየኝ» ማለት ነውር የለውም። ቆሻሻ ከሆነ አጥቦ እንዲመጣ እንንገረው፤ ሳህኑ ከስፖንጁ ከሰፋ ወይም የያዘው ግራይንደር ከሆነ ቁልፉን ተቀብለን እንሂድ። ንጹሕ ስፖንጅ ለያዘው ልጅ ደግሞ ጨመር አድርገን እንክፈለው፤ ሌላው አይቶ እንዲከተለው። ክሊሩ አንዴ ካለቀ የሚመልሰው ስፖንጅም ፖሊሽም የለም፤ መኪናውን እንደገና ማስቀባት ብቻ ነው የሚቀረው።